እርጥብ እንጨትና ቀብድ

በገበያ ከሚሸጡት ዕቃዎች የሚበዙት ገዢው በቆመበት ይፈተናሉ፤ ጤፉ በመዳፍ ታፍሶ፥ ማሩ በጣት ጫፍ ተቀምሶ፥ ሸማው ታሽቶ፥ በሬው ጥርሱ ታይቶ ጠባዩ ይታወቃል፤ ሻጭና ገዢም ተስማምተው ሲለያዩ በመካከላቸው የቀረ ብዙ ምሥጢር የለም። ወንበር ግን እንዲህ አይደለም። ወንበር በአንድ ቀን ይገዛል፥ በዓመታት ይፈተናል፤ ገንዘቡ ለእንጀራና ለቤት ኪራይ ውሎ ካለቀ ከብዙ ጊዜ በኋላ፥ አንድ ማታ እንግዳ ወደ ኋላ ደገፍ ሲል ሲጥ የሚለው የእግሩ መጋጠሚያ ስለ ሠሪው እውነቱን ይናገራል። ስለዚህ ወንበር ሠርቶ የሚተዳደር ሰው፥ ዳኛው ፈርዶ ከተነሣ በኋላ ምስክሩ ከደጅ እንደሚደርስለት ባለጉዳይ ነው፤ መልካም ቢሠራም ክፉ ቢሠራም በሽያጩ ዕለት የሚቈረጥለት ዋጋ አንድ ነው። ይህ ሐተታ የሚመረምረው ይህንኑ ነው፤ ማስረጃው ከክፍያው በኋላ የሚመጣ ሥራ እንዴት በመልካም ሊሠራ ይችላል?

በአዳማ፥ ሽማግሌዎቿ ዛሬም ናዝሬት በሚሏት ከተማ፥ ደጃፉ ላይ ቬርኒሹ ያልደረቀ ወንበር የተደረደረበት፥ ጓሮው በሰጋቱራ የተሸፈነ የእንጨት ሥራ ቤት ማግኘት አያስቸግርም፤ ወደ ሞጆ ብንወጣ፥ ከሞጆም ወደ ደቡብ ታጥፈን የሐይቆቹን መንገድ በመቂ፥ በባቱና በአርሲ ነገሌ በኩል እስከ ሻሸመኔ ብንከተል ነገሩ ያው ነው። ከባለ ሙያዎቹ ገሚሱ መሮና መጋዙን ከአባቱ ወይም ካሳደገው ጌታው የተቀበለ ነው፥ ገሚሱም በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ በሼድ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ነው።

ናዝሬት የሚለውን ስም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለከተማይቱ የሰጡት ሰዎች ስለ አናጢዎች አስበው አይመስለኝም፤ ይሁን እንጂ ስሙ የጸራቢው የዮሴፍ መንደር ስም ነው። የገሊላይቱ ናዝሬት ሰዎች ጌታ በምኵራብ ሲያስተምር ሰምተው በተገረሙ ጊዜ፥ በማቴዎስ ወንጌል የጸራቢ ልጅ፥ በማርቆስ ወንጌል ራሱ ጸራቢ መሆኑን እያነሡ ተሰናከሉበት፤ በእጁ ሥራ የሚያድር ሰው ጥበብን ከወዴት ያመጣል ማለታቸው ነበር። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ዮስጢኖስ ሰማዕት ጌታ ዕርፍና ቀንበር ይሠራ እንደ ነበር ጽፏል፤ ወንበርን ግን አላነሣም፤ ለድኻ ገበሬ ከወንበር ይልቅ ቀንበር ይቀድማልና ነገሩ አያስገርምም።

የኛም ሰው ይህን ወንጌል ሲነበብ እየሰማ ለብዙ ዘመን ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውን፥ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን ሲንቅ ኖረ፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ቢከፋ ነው። ለዘርዐ ያዕቆብ ደቀ መዝሙር ለወልደ ሕይወት የሚሰጠው ሐተታም ተግባረ እድን መውደድን ይመክራል፤ ምክሩ ግን ከብራናው ብዙ አልራቀም። ሠሪው የተናቀበት ዘመን መቀመጫው እጅግ የከበረበት ዘመን መሆኑ ደግሞ ይብስ ያስደንቃል። በጉባኤ ቤት ወንበር ዘርግቶ የሚያስተምር መምህሩ ነበር፥ ደቀ መዛሙርቱ ከመሬት ነበሩ፤ ዳኛው ተቀምጦ ሲፈርድ ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው ይሟገቱ ነበር፤ በመቅደሱም ታቦቱ በመንበሩ ላይ ሲከብር ካህናቱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ማሕሌቱን ቆመው ያድራሉ። ተራው ቤት በመደብ፥ በዱካና በበርጩማ ሲገለገል ኖሮ ባለ መደገፊያ ወንበር ያገኘው በቅርብ ዘመን ነው። ወንበሩ ለሁሉ ሲዳረስ የሠሪው ክብር አብሮ ይዳረሳል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ ለሠሪው የደረሰው ግን የዋጋ ክርክር ነው።

አሁን ወደ እንጨቱ እንግባ፤ የእንጨቱን ነገር ሳያውቁ በሠሪው ላይ መፍረድ ፍትሕ አይሆንምና።

ገና የተቈረጠ ዛፍ፥ ደረቁ እንጨት ከሚመዝነው ግማሽ ያህል፥ አንዳንዱም ከዚያ የሚበልጥ ውሃ በውስጡ ይይዛል። ይህም ውሃ ሁለት ማደሪያ አለው፤ አንደኛው በሕዋሳቱ ጕድጓድ ውስጥ ልቅ ሆኖ ያድራል፥ ሁለተኛው ከሕዋሳቱ ግድግዳ ጋር ተዋሕዶ ይኖራል። ልቁ ውሃ በሚወጣበት ጊዜ እንጨቱ ይቀላል እንጂ መጠኑ አይለወጥም፤ የውሃው ልክ ከደረቁ ክብደት ከ30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ግን የተዋሐደው ውሃ መውጣት ስለሚጀምር ግድግዳዎቹ ይኰማተራሉ፥ ጣውላውም ያንሳል። ማነሱ ደግሞ በሁሉ ወገን እኩል አይደለም፤ በቁመቱ ከቁጥር የሚገባ አይሆንም፥ ከመሐሉ ወደ ልጡ በሚሄደው ወርድ ጥቂት ነው፥ የዕድሜውን ቀለበት ተከትሎ በሚዞረው ወርድ ግን የዚህ እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ እርጥብ ሳለ ክብ ሆኖ የተቀረጸ የእግር ጫፍ ሲደርቅ ሞላላ ይሆናል፤ የሚሰካበት ቀዳዳም እንዲሁ በራሱ መንገድ ይጣመማል፥ ትናንት ጥብቅ ብለው የተገናኙት ሁለቱ ዛሬ ይላላሉ። ይህን የሚያደርገው የአናጢው እጅ መድከም አይደለም፥ የእንጨቱ ባሕርይ ነው።

የአዳማ አየር ይህን ባሕርይ ያጠነክረዋል። ለከተማይቱ ብዙ ጣውላ የሚመጣው ከደጋው ነው፤ በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ግድግዳ ላይ ካለው ከሙኔሳና ከሻሸመኔ ደን፥ ጉም ከሚውልበት አገር፥ የፈረንጅ ጥድ ተሰንጥቆ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ እዚያም የሚቀበለው ፀሐይና የማያባራ ነፋስ ነው። ነፋሱ ምን ያህል ብርቱ እንደ ሆነ ለማስረዳት፥ በከተማይቱ አጠገብ በየኮረብታው የቆሙት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች አንደኛው 51፥ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠሩ መሆናቸውን መጥቀስ ይበቃል። ይህ ነፋስ ለመብራት በረከት ሲሆን፥ ለእርጥብ ጣውላ ግን የላይኛውን ገጽ ከውስጡ አስቀድሞ እያደረቀ ጫፍ ጫፉን የሚሰነጥቅ ጠላት ነው።

አርስጣጣሊስ ስለ ፍጥረት በጻፈው መጽሐፍ በሁለተኛው ክፍል አንቲፎን የተባለውን ጠቢብ ሐሳብ ያነሣል፤ አልጋ በመሬት ቢቀበርና መበስበሱ ቡቃያ ለማውጣት ኃይል ቢያገኝ፥ የሚበቅለው እንጨት ነው እንጂ አልጋ አይደለም፤ ስለዚህ ሰው የሰጠው ቅርጽ ድርብ ነገር ነው፥ የቈየው ባሕርይ ግን የእንጨትነቱ ነው ይላል። ለአጥር ብሎ የተከለው የቆርች ጕማድ አቈጥቍጦ ዛፍ ሲሆን ያየ የኛ ገበሬ፥ የግሪኩን ጠቢብ ሳያነብ ነገሩን ያውቀዋል። እንጨት ወንበር መሆኑን አያውቅም፤ ክረምት ሲገባ ከአየሩ ይጠጣል፥ በጋ ሲሆን የጠጣውን ይመልሳል፥ ሲያብጥና ሲኰማተር ዕድሜውን ይፈጽማል። ጥሩ ወንበር ሠሪ ከዚህ ባሕርይ ጋር አስቀድሞ ይታረቃል፤ ዕርቁም የሚፈጸመው ጣውላውን በጥላ ሥር፥ በመካከሉ ነፋስ እንዲያልፍ በቀጫጭን እንጨት እየለዩ ደርድሮ ወራት በመጠበቅ ነው። አበው ሌላም ብልሃት ነበራቸው። የወንበሩንና የአልጋውን መቀመጫ በእርጥብ ጠፍር ይታቱት ነበር፤ ጠፍሩም ሲደርቅ እየተኰማተረ እግሩንና ማገሩን ወደ ውስጥ ስለሚስብ፥ እንጨቱ ያላላውን ቆዳው ያጠብቀው ነበር። ዛሬ በጠፍሩ ቦታ ስፖንጅና ጨርቅ ገብቷል፤ ስፖንጅ ለተቀማጩ ይመቻል፥ ወንበሩን ግን አያጠብቅም።

ነገር ግን መጠበቅ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የዚህም ሐተታ አንጓ እዚህ ላይ ነው። አናጢው ለጣውላ የሚሆን ጥሪት በእጁ የለውም። ገዢው ይመጣል፥ በደጃፉ የቆመውን ወንበር ያያል፥ እንዲህ ያለ ስድስት ሥራልኝ ይላል። «ጋሼ፥ መጨረሻውን ይንገሩኝ» ይላል፤ ይከራከራሉ፥ ይስማማሉ፤ «መቼ ይደርሳል?» ሲል «ቀብድ ከከፈልክ ለቅዳሜ ሳምንት» ይባላል። ያ ቀብድ በዚያው ቀን ጣውላ ይሆናል፤ ጣውላው በማግስቱ ይሰነጠቃል፥ በሦስተኛው ቀን ይላጋል፥ ሳምንት ሳይሞላ ወንበር ሆኖ ቬርኒሽ ይቀባል፤ በርክክቡ ቀን የሚቀበለው ቀሪ ገንዘብም ለሥራ ቤቱ ኪራይና ለረዳቱ ደመወዝ ይከፈላል፥ ለሚቀጥለው ጣውላ ምንም አይተርፍም፤ እንደገና ሌላ ቀብድ ይጠበቃል። ቀብድ ባይኖር ሥራው አይጀመርም፤ ሥራው በቀብድ ስለሚጀመር ደግሞ እንጨቱ አይደርቅም። የሠሪው ድህነት በዚህ በር ወደ ወንበሩ ይገባል። ገዢው ከዓመት በኋላ እግሩ ሲነቃነቅ አይቶ «ሙያ ድሮ ቀረ» ሲል፥ ይህን ድህነት ያስገባው በከፊል «ቶሎ አድርስልኝ» ያለው የራሱ ቃል መሆኑን አያስተውልም።

ይህን ስል አናጢዎቹን ሁሉ ነፃ ማውጣቴ አይደለም። በመሮ ተበስቶ የእግሩ ጫፍ ሊሰካበት የሚገባውን መጋጠሚያ በሁለት ሚስማር የሚጨርስ፥ ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ ስንጥቁን የሚሞላ፥ በላዩም ወፍራም ቬርኒሽ የሚያለብስ አለ፤ ይህ ማታለል ነው፥ ስሙን መለወጥም አያስፈልግም። ብቻ ማታለሉን ያስለመደው ምን እንደ ሆነ ብንጠይቅ፥ ለሚታየው የሚከፍልና ለማይታየው የማይከፍል ገበያ ነው። በዚህ ገበያ ሁለት ጎረቤታሞች ወንበር ቢሠሩ፥ አንዱ ስድስት ወር አድርቆ፥ ሌላው በስድስት ቀን ጨርሶ ጎን ለጎን ቢያቆሙ፥ ለዐይን ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ገዢውም ዋጋ ወደ ቀነሰው ይሄዳል። ታማኙ በዓመቱ መጨረሻ ወይ ይዘጋል ወይ እንደ ጎረቤቱ ይሆናል።

መጠበቅ አለመቻል የሚጎዳው ወንበሩን ብቻ አይደለም፥ ዛፉንም ነው። በዚሁ በስምጥ ሸለቆው የሚበቅለው ዛፍ ግራር ነው። ኦሪት ዘጸአት ታቦቱ፥ መሎጊያዎቹና ገበታው ከግራር እንዲሠሩ ያዝዛል፤ ከአብያታና ከሻላ ሐይቆች ዙሪያ ግን ግራሩ እየተቈረጠ ከሰል ሆኗል፥ በመንገዱም ዳር በማዳበሪያ ተሞልቶ ሲሸጥ ኖሯል። ነቢዩ ኢሳይያስ ከአንዱ ግንድ እኩሌታውን አንድዶ እንጀራ ስለሚጋግርበት፥ በእኩሌታው ደግሞ ጣዖት ስለሚቀርጽ አናጢ ይሣለቃል፤ የኛ ነገር ከዚያ የተለየ ነው፥ እኛ እኩሌታውንም አላስቀረንለትም። ግራር ጠማማና ለመጋዝ አስቸጋሪ መሆኑ፥ ነጩንም ክፍሉን ነቀዝ መውደዱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሰል በቀናት ገንዘብ ሲሆን ወንበር ወራት መጠየቁ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያመዝን ይመስለኛል። ለነገ ምሳ የሌለው ሰው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጥ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

የመጋጠሚያውን ችግር ከሥሩ የነቀለ የሀገር ጥበብ ግን አለ፤ እርሱም የጅማው በርጩማ ነው። መቀመጫውና ሦስቱ እግሮቹ ከአንድ ግንድ ተፈልፍለው ስለሚወጡ የሚላላ ነገር የለውም፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ዐለት እንደ ወጡ እርሱም ሳይገጣጠም ተፈጥሯል። እግሮቹ ሦስት መሆናቸው ሌላ ጥበብ ነው፤ ሦስት ነጥቦች ሁልጊዜ በአንድ ገጽ ላይ ስለሚያርፉ፥ ባለ ሦስት እግሩ በወጣ ገባ የአፈር ወለል ላይ ሳይንቀጠቀጥ ይቆማል። ባለ አራት እግሩ ወንበር የሲሚንቶ ወለል ልጅ ነው፤ ወለሉ ቢጎረብጥ ጥፋቱ በአናጢው ላይ ይላከካል። ሆኖም ይህ የፍልፈል ጥበብ ከግንዱ ብዙውን ክፍል ፍልጥና ፍቅፋቂ ስለሚያደርገው፥ ዋንዛው እንደ ልብ በነበረበት ዘመን ያማረ ነበር፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፥ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቈረጥ ከከለከለ ወዲህ ግንዱ በሕጋዊ መንገድ የሚገኘው ከገበሬው ማሳ ነው፥ እሱም ውድ ነው።

ከአንድ አካል የወጣ ሌላም መቀመጫ በዘመናችን መጥቷል፤ የፕላስቲኩ ወንበር ነው። ውሃ አይጠጣም፥ አይኰማተርም፥ እርስ በርሱ ተደራርቦ በጋሪ ይጫናል፤ የእድር ሰዎች ለለቅሶ ድንኳን፥ ሰርገኞችም ለድግስ ከከባዱ የእንጨት አግዳሚ ይልቅ እርሱን ቢመርጡ ልወቅሳቸው አልችልም፥ እኔም የተሸከምሁት እርሱን ነው። ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ከእግሩ ይሰበራል፥ ተሰብሮም አይጠገንም፤ እንጨቱ የሚበልጥበት በጎነት ይህ ብቻ ነው፥ እንጨት ይጠገናል። ከውጭ የሚመጣው ሶፋና ወንበር ደግሞ ከጅቡቲ በኮንቴይነር ተጭኖ የአዳማን አናጢዎች አልፎ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይሄዳል። ይህን ውድድር የጀመረው ፕላስቲክ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1859 ሚካኤል ቶኔት የተባለ የቪየና አናጢ በእንፋሎት ከታጠፈ እንጨት ስድስት ክፍል፥ አሥር ብሎንና ሁለት ዳዶ ብቻ ያለው ወንበር ሠርቶ፥ ሠላሳ ስድስቱን ፈታትቶ በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ውስጥ እየላከ ለዓለም ሸጧል። ፋብሪካ ከአዳማው አናጢ የሚበልጥበት ነገር ሲመረመር፥ ከመጋዙ ፍጥነት ይልቅ መጠበቅ መቻሉ ነው፤ እንጨቱን በምድጃ ክፍል ያደርቃል፥ የደረቀውንም በመጋዘን ያኖራል፥ የባንክ ብድርም ያገኛል። አናጢው ከእጁ በቀር መያዣ የለውም።

ሻርል ፔጊ የተባለው የፈረንሳይ ደራሲ፥ እናቱ በኦርሌያን ከተማ የወንበር መቀመጫ በሣር እየታታች ያሳደገችው፥ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው መጽሐፍ የድሮዎቹ ሠራተኞች የማይታየውን የወንበር ክፍል ከሚታየው እኩል አሳምረው ይሠሩ እንደ ነበር፥ ይህንንም ስለ ደመወዝ ወይም ስለ ጌታ ሳይሆን ስለ ሥራው ክብር ያደርጉት እንደ ነበር በናፍቆት ይተርካል። ነገሩ ያማረ ነው፤ የልጅነት ትዝታውን ማን ይነፍገዋል? ነገር ግን እስከ መጨረሻው አልከተለውም። ክብር ብቻውን እንጨት አያደርቅም። የማይታየውን አሳምሮ የሚሠራ ሰው በመጀመሪያ ስድስት ወር ሳይራብ መቆየት አለበት፤ የድሮዎቹ ሠራተኞች ይህን የቻሉት ደንበኛው ከልጅ እስከ ልጅ ልጅ የሚመለስ የአንድ መንደር ሰው ስለ ነበረና በማኅበራቸው ስለ ተደገፉ ጭምር ነው። ደንበኛው መንገደኛ በሆነበት፥ ባቡርና አውራ ጎዳና በሚያልፍበት ከተማ፥ ዛሬ ወንበር የገዛ ነገ ድሬዳዋ ወይም ሐዋሳ በሚሆንበት አገር፥ ስለ ክብር ብቻ ሥራ ማለት ሠሪው ለገዢው ምጽዋት ይስጥ ማለት ነው። ምጽዋት ደግሞ ካለው ወደ ሌለው ይሄዳል እንጂ ከአናጢ ወደ ባለ ቪላ አይሄድም።

እንግዲህ ጥፋቱን ማን ይካሥ? መንግሥት የማድረቂያ ክፍል ለየማኅበራቱ በጋራ ቢሠራ፥ ባንክም በጓሮ የተደረደረ ደረቅ ጣውላን እንደ ቡና ክምችት በመያዣነት ቢቀበል ብዙ ይረዳ ነበር፤ ይህን የሚችሉ ያስቡበት። እኔ የምለምነው ግን አንባቢውን ነው። ወንበር ልትገዛ በሄድህ ጊዜ ከቬርኒሹ በፊት ገልብጠህ ሆዱን እይ፤ እግሩ ከመቀመጫው የተጋጠመበትን ቦታ በጣትህ ዳስስ፥ ሚስማር ብቻ ካገኘህ ወደ ጎረቤቱ እለፍ፤ ሠሪውንም እንጨቱ መቼ እንደ ተሰነጠቀ ጠይቀው፥ ከዋጋው በፊት ይህን የሚጠይቅ ገዢ ሲበዛ የሚያደርቅ አናጢ ይበዛልና። ለቅዳሜ ሳምንት አድርስልኝ አትበለው። ክረምቱ ሲወጣ፥ በመስከረም፥ ለጣውላው የሚበቃውን ቀብድ ቍጠርለት፤ እርሱም በጥቅምትና በኅዳር ነፋስ ጣውላውን በጥላ ያድርቅ፥ ወንበርህንም ለፋሲካ ተቀበል።